እልኸኛ አይደለም
ዛሬ የዋልኩት በጽንስነታቸው ለአልኮል የተጋለጡ ትንንሽ ልጆችን ከሚያሳድጉ ወላጆች ጋር ነው። አንዲት እናት «ልጄ እልኸኛ ነው፤ ትናንት የነገርኩትን ዛሬ እንዳልሰማ ይሆንብኛል» አለች። እልህ አይደለም። አልኮል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ገና እየተሠራ ያለውን አንጎል ይጎዳል። ትናንት የያዘው ነገር ዛሬ ከነጭራሹ ሊጠፋበት ይችላል።

ወላጆቹን የምታግዘው ባለሙያ ለእናትየው ያሳየቻት ነገር ቀላል ነበር። «ጫማህን አድርግ፣ ቦርሳህን ያዝ፣ ቶሎ በል» ብሎ ማዥጎድጎድ ቀርቶ አንድ ነገር ብቻ መናገር። የጫማውን ሥዕል ማሳየት። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ። ልጁ ሥዕሉን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ቆየት ብሎ አደረገ። እናትየው እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። እኔም እንደዛው።

ይህ ጉዳት በሕክምናው ዓለም «ፌታል አልኮል ሲንድሮም» የሚል ስም ካገኘ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ግን አብዛኞቹ ልጆች ፊታቸው ላይ ምንም ምልክት ስለሌለ «ባለጌ» እየተባሉ ያድጋሉ። በጣም ያሳዝናል! ጉዳቱ ባይጠፋም ገና በጨቅላነቱ ድጋፍ ያገኘ ልጅ የተሻለ ዕድል አለው።

እናቶች ደግሞ ወቀሳውን ፈርተው ይሸሻሉ። ማርገዛቸውን ሳያውቁ የጠጡ ብዙ ናቸው። የጤና ባለሙያዎች፣ እባካችሁ «በእርግዝናሽ ጊዜ አልኮል ጠጥተሽ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ሁሉንም እናት እኩል፣ ረጋ ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆችም የልጃችሁ ነገር ካሳሰባችሁ ትምህርት ቤት እስኪገባ አትጠብቁ።