ሙታንን ያስነሣው መለኪያ

ቤታችን ውስጥ የባትሪ ድንጋይ የሚገባበት እንጂ የማይወጣበት አንድ መሳቢያ አለ። ከሪሞት የወጣው፣ ከግድግዳ ሰዓት የተነቀለው፣ ከልጆች መጫወቻ የተረፈው፣ ገና ከማሸጊያው የተፈታውም ጭምር እዚያው ተደባልቆ ይተኛል። የትኛው እንዳለቀ የሚያውቅ የለም፤ "ይህ ይጣል" ብሎ የሚፈርድ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ስለዚህ የድንጋይ መለኪያ ልገዛ ቆረጥሁ። በመርፌ የሚያሳየው ቀይና አረንጓዴ ከተቀባ ሰሌዳ በቀር ምንም ስለሌለው መጫወቻ ይመስላል። በቁጥር የሚያሳየው ያምራል፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ራሱ ድንጋይ ይፈልጋል። የሌላውን ትንፋሽ የሚያዳምጥ ሐኪም ራሱ በተውሶ ትንፋሽ የሚኖር ከሆነ፣ ሐኪሙን ማን ይመረምረዋል?

በዚህ ሐሳብ ስብሰለሰል የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሰሙ። "እኔ መልቲሜትር እያለኝ ምን ገንዘብ ታባክናለህ?" ብለው ያንን ቮልት በቁጥር የሚለካ መሣሪያቸውን፣ አቧራውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ይዘውት መጡ። ሲበራ ቁጥሩ ጥግ ላይ ትንሽ የባትሪ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ጋሼ፣ ይህቺ ምልክት ምንድን ናት?"

"መሥራቱን ነው የምታሳየው።"

መሳቢያው ጠረጴዛ ላይ ተዘረገፈ። አልካላይን የሚባለው የተለመደው ድንጋይ አዲስ ሳለ እንኳ ሲለካ ከ1.6 ቮልት ብዙም አያልፍም፤ የእኛ ሽማግሌዎች ግን 1.7፣ 1.8 እያሉ በተራ በተራ ተነሡ። ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ያወጣው እንኳ ከሁሉም የበለጠ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ! ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ፦ የመልቲሜትሩ የራሱ 9 ቮልት ድንጋይ ደክሟል። እሱ ሲደክም ውስጥ ያለው ማመሳከሪያ ቮልት፣ ማለትም የሌላውን የሚያነጻጽርበት ልክ፣ አብሮ ሊወርድ ስለሚችል፣ መሣሪያው የሌላውን ከፍ አድርጎ ያነባል። ይህን ለጋሼ መንገር ግን ሌላ ነገር ነው። እሳቸው እያንዳንዱን ቁጥር እንደ ምሥራች ጮክ ብለው ያነባሉ።

የባለቤቴ እናት ዳር ተቀምጠው ሲያዩ ቆይተው አንድ ድንጋይ አነሡ። ቀጥ አድርገው ይዘው ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ በማድረግ ለቀቁት። ነጠረ። "ይህ አልቋል" አሉ። ሌላ ለቀቁ፤ ዱብ ብሎ ቀረ። "ይህ ደህና ነው።" ጋሼ ሳቁባቸው። እማማ ግን አልተሳሳቱም፤ አልካላይን ድንጋይ ውስጥ ያለው ዝልግልግ የዚንክ ዱቄት ሲሠራበት ወደ ዚንክ ኦክሳይድ እየተለወጠ እርስ በእርሱ ይያያዛል፣ ድንጋዩም መንጠር ይጀምራል። በ2015 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን ፈትነው፣ ገና ግማሽ ያህል ኃይል ሳለ ድንጋዩ የመጨረሻ ከፍታው ድረስ መንጠር እንደሚጀምር አሳይተዋል። ስለዚህ የነጠረ ሁሉ አልሞተም፤ አዲስ አለመሆኑ ብቻ ነው የሚታወቀው። ይህንንም ለእማማ መንገር ሌላ ነገር ነው።

ጋሼ የመሣሪያቸውን ክብር ለማስመለስ ከ"ጤነኞቹ" መርጠው የእጅ ባትሪ ውስጥ ከተቱና ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። ብርሃኑ መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ደረጃው መሀል ላይ ሲደርሱ ደግሞ ምንም ሆነ። ቀጥሎ የባልዲ ድምፅ፣ ቀጥሎ የመጥረጊያ፣ ቀጥሎ የጋሼ፦

"ደህና ነኝ! አምፖሉ ነው የተቃጠለው!"

መልቲሜትሩ ጤነኛ ቢሆን ኖሮም ሙሉ በሙሉ አይታመንም ነበር። ሥራ ፈቶ የተቀመጠ የደከመ ድንጋይ ቮልቱን አሳምሮ ያሳያል፤ ጉዱ የሚወጣው ጭነት ሲመጣበት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ስጥ ሲባል ነው።

በመጨረሻ ያንን መጫወቻ መሳዩን ባለ መርፌውን ገዛሁ። ምንም ድንጋይ አይገባበትም፤ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ከሚለካው ድንጋይ ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወስዶ ነው፣ ስለዚህ ልኬቱ ውስጥ ትንሽም ቢሆን ጭነት አለ። እሱም የራሱ ጠባይ አለው። እንደገና የሚሞሉት ኒኬል ድንጋዮች መደበኛ ቮልታቸው 1.2 ስለሆነ፣ ለ1.5 በተሠራው ሰሌዳ ላይ ደካማ ይመስላሉ፤ ባለቤቴ ገና ከቻርጀር የወጡትን ልትጥል ስትል ከእጇ ነጠቅሁ። ሊቲየሞቹ ደግሞ እስኪያልቁ ድረስ ሙሉ መስለው ቆይተው በድንገት ነው የሚወድቁት። ቀይ ላይ ያረፈው ሁሉም አልተጣለም፤ ለእጅ ባትሪ የማይሆን ድንጋይ የግድግዳ ሰዓት ለመግፋት ገና አቅም ሊኖረው ይችላል።

ከዚያ ጋሼ ባሉበት የመልቲሜትሩን 9 ቮልት ድንጋይ አውጥቼ ለካሁት። መርፌው ቀዩ ላይ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ተኛ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መለኪያውን እያገላበጡ አዩት።

"ለመሆኑ ይህ ነገር ራሱ ድንጋይ አለው?"

"የለውም ጋሼ።"

"ታዲያ ስለ ድንጋይ ምን ያውቃል?" አሉና መልቲሜትራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ።