«ጨጓራዬን አሞኝ ነው»

ሐዋሳ ውስጥ ክርስቲያን ነኝ ማለት ምንም አያስፈራም። የባጃጁ መስታወት ላይ ወይ የገብርኤል ሥዕል ወይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» ተለጥፏል። ታኅሣሥ 19 ሲሆንማ መሀል ከተማው በነጠላ ይሞላል፣ አልጋ ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነው። እሁድ ጠዋት ደግሞ የጴንጤዎቹ መዝሙር ከየሰፈሩ ይሰማል። ስለዚህ እምነትን በግልጽ መኖር ሲባል ስደት ምናምን ትዝ የሚለው ሰው ካለ፣ እዚህ ጉዳዩ ሌላ ነው። የእኛ ፈተና ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

ረቡዕ ነው እንበል። የሥራ ጓደኛ ተሰብስቦ አሞራ ገደል እንውረድ ይባላል። ዓሣው ገና ከሐይቁ መውጣቱ ነው፣ ጥሬውን በዳጣ የሚበላው ይበላል፣ ጥብሱም ድርቅ ብሎ ይመጣል። አንዱ ግን ሻይ ይዞ ቁጭ ይላል። «ምነው?» ሲሉት «ጨጓራዬን አሞኝ ነው»። ጨጓራው ሰላም ነው። ሰውየው እየጾመ ነው!

ሰርግ ላይም ያው ነው። የማይጠጣው ጴንጤ ጓደኛችን ቢራ ሲቀርብለት «መድኃኒት ላይ ነኝ» ይላል። እንደ እሱ ብዙ አንቲባዮቲክ የወሰደ ጤነኛ ሰው አላየሁም።

እዚህ ላይ ሙስሊም ጓደኞቻችን ይበልጡናል። ረመዳን ላይ «ጾመኛ ነኝ» ይልህና ወሬውን ይቀጥላል። ዓርብ ሶላት ሲደርስ ሱቁ በር ላይ ወንበር አጋድሞ ይሄዳል። ማንም አይቀየመውም፣ እንዲያውም ደንበኛው ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ዓሣ እኮ የጾም ነው» የሚልም አይጠፋም። ሐይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይሄ ክርክር አያልቅም፣ እኔም አልገባበትም። የንስሐ አባቴ አትብላ ብለውኛል፣ አልበላም። «እየጾምኩ ነው፣ እናንተ ብሉ፣ ለእኔ ሽሮ» እላለሁ። ወሬው እዚያው ያልቃል።

ግን ጌታ ራሱ ስትጾሙ ለሰው አትታዩ ብሎ የለ? ብሏል። ማቴዎስ 6 ላይ ራስህን ቅባ፣ ፊትህን ታጠብ ይላል። አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ደግሞ «ብርሃናችሁ እንዲሁ በሰው ፊት ይብራ» ይላል። ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። ፊቱን አጠውልጎ እየዞረ ጾሙን የሚያስተዋውቅ ሰው አለ፣ እሱን ነው የገሠጸው። ሳይጠየቁ ማወጅና ተጠይቆ መዋሸት ግን ለየቅል ናቸው። እዚያው ምዕራፍ 5 ላይ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን ተብሏል። ደግሞ በውሸት የሚሸፈን ጾም ምን ዓይነት ጾም ነው?

ጴጥሮስን አስቡት። ሰይፍ መዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ጆሮ የቆረጠ ደፋር ሰው ነው። ዮሐንስ 18 ላይ እንደምናነበው፣ በዚያው ሌሊት መጀመሪያ ያስካደችው ግን በር የምትጠብቅ አንዲት ገረድ ናት፣ ከዚያም እሳት እየሞቀ ሲጠይቁት ደገመው። እኛም ፌስቡክ ላይ ስለ ሃይማኖታችን ደም እስኪፈስ እንከራከራለን፣ ከዚያ የሥራ ጓደኛ «ዛሬም ትጾማለህ እንዴ?» ሲለን ሆዳችንን እንይዛለን።

ገንዘብ ሲገባበት ነገሩ ይከብዳል። እኔ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሒሳብ ላይ ነው የምሠራው። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ የቧንቧ ዕቃ። ደንበኛ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ነው። ቫት 15 በመቶ ነው፣ በ40,000 ብር ዕቃ ላይ 6,000 ብር ይመጣል፣ ቤት ለሚሠራ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይገባኛል። አንድ ቀን አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ ሰውዬ መጡ፣ ግድግዳችን ላይ ያለውን የገብርኤልን ሥዕል ተሳለሙ፣ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ በማርያም፣ ያለ ደረሰኝ አድርግልኝ» አሉኝ። በማርያም!

ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ሒሳብ ላይ ያለን ሁሉ የምናውቃት ሰበብ አለች። «ገቢዎች እየዞሩ ነው፣ አሁን አይቻልም።» ሰላማዊ መልስ ናት፣ ማንንም አታስቀይምም። ግን ገቢዎች ባይዞሩ እሠራልዎ ነበር ማለት ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ለእኔ ስርቆት ነው፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም፣ ደግሞ በማርያም ስም አይለምኑኝ» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ጻድቅ መሆንህ ነው?» አሉና ወጡ። ከመንገዱ ማዶ ገዝተው ሲያስጭኑ አየኋቸው።

ሰው የሚፈራው ይቺን «ጻድቅ መሆንህ ነው?» የምትለዋን ይመስለኛል። አንዴ ሃይማኖቴ ነው ካልክ በኋላ እያንዳንዷ እርምጃህ ትቆጠራለች። ከባጃጅ ሹፌር ጋር በሂሳብ ስትጨቃጨቅ የሰማ ሁሉ «አንተ አልነበርክ እንዴ ሃይማኖቴ ምናምን ስትል የነበርከው?» ይልሃል፣ እውነቱንም ነው። ጨጓራ የሚያመው ሰው ሲሳደብ ግን ማንም ግብዝ አይለውም። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ጨጓራን የምንመርጠው።

አለቃዬ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ነጋዴ ናቸው። ያለ ደረሰኝ የሚፈልግ ሲመጣ አሁን ወደ እኔ አይልኩትም፣ ራሳቸው ያስተናግዱታል። «አንተ ጽደቅ፣ እኔ ልሽጥ» ይሉኛል እየሳቁ። ችግሩ፣ የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው «ሐሰት መሆኑን ያወቅኸውን አትፈርም፣ ሌላ ሥራም ፈልግ» ብለውኛል። እየፈለግኩ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ካለ፣ በደረሰኝ የሚሸጥ ከሆነ፣ አሳውቁኝ።