ለደጋ ኩሽና ምን ይገዛ?

ደብረ ብርሃን ላይ ደረቅ ባቄላ በተራ ድስት የቀቀለ ሰው ትዕግሥት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጠዋት የተጣደው ምሳ ሰዓት ሲነካ ገና ድንጋይ ነው። ከሰሉ ያልቃል፣ ውኃ ይጨመራል፣ ከሰሉ እንደገና ያልቃል። ከሸዋ ሮቢት የመጣ እንግዳ «እናንተ ምን ዓይነት ባቄላ ነው የምትገዙት?» ሲል ሰምቻለሁ። ባቄላው ምንም አላጠፋም። ከፍታው ነው።

ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ የተማርነው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ውኃውን የሚጫነው ኃይል ያንሳል፣ ስለዚህ 90 ወይ 91 ዲግሪ ላይ መንተክተክ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ እሳቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብትቆሰቁሱ የውኃው ሙቀት አይጨምርም። የሚጨምረው እንፋሎቱና የከሰል ወጪው ነው። ጣርማ በርን ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል፣ እዚያ 95 እና 96 ዲግሪ ይገኛል። አምስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ለደረቅ ባቄላ ግን ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው አዲስ ቤት የሚያቋቁም ሰው ሁሉ «ለኩሽና መጀመሪያ ምን ልግዛ?» ብሎ ስለሚጠይቀኝ ነው። ብዙው ሰው መልሱን ስልኩ ላይ ካየው ቪዲዮ ይዞ ነው የሚመጣው። ቪዲዮውን የሠራችው ሴትዮ ውርጭ አታውቅም፣ መብራት አይጠፋባትም፣ እንጀራ አትጋግርም። የእሷ ዝርዝር ለእሷ ጥሩ ነው። መንዝ ወይም አንኮበር ወይም ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ግን ሌላ ዝርዝር ያስፈልጋል።

የኔ ዝርዝር የሚጀምረው በፕሬዠር ድስት ነው። ከፍሪጅ በፊት። ፍሪጅማ ኅዳር ላይ ደጁ ራሱ ፍሪጅ ነው። ፕሬዠር ድስት እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውስጡ ያለው ውኃ እኛ ከፍታ ላይ እንኳ ወደ 115 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ግማሽ ቀን የሚፈጀው ባቄላ፣ ሽንብራ፣ የአሮጌ በግ ቅቅል በጣም ባጠረ ጊዜ ይበስላል። የከሰሉን ወይም የመብራቱን ልዩነት ወሩ ሲያልቅ ታዩታላችሁ። ለምስር ግን አያስፈልግም። ምስር በተራ ድስትም አያስቸግርም፣ በፕሬዠር ድስት ደግሞ ገንፎ ሆኖ ቁጭ ይላል።

«ይፈነዳል» የሚለው ፍርሃት አለ፣ አውቃለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ ማፏጨት ሲጀምር ከኩሽና ትወጣለች። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፣ ግን አደጋው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይሻላል። አንደኛው ከልክ በላይ መሙላት ነው። ለሥጋ ከሁለት ሦስተኛው አይለፍ፣ አረፋ ለሚያወጣውና ለሚያብጠው ጥራጥሬ ደግሞ ከግማሽ አይለፍ። ሌላው የእንፋሎት መውጫዋ ቀዳዳ በአተር ገለባ መደፈኗ ነው። በጣዳችሁ ቁጥር ክዳኑን ወደ መስኮት አንሱትና በቀዳዳዋ እዩ። ብርሃን ከታያችሁ ክደኑ። ካልታያችሁ በቀጭን ሽቦ ጠርጉት። ከዚያ ሲበስል እንፋሎቱ ጨርሶ እስኪወጣ ክዳኑን በጉልበት ለመክፈት አትታገሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስትገዙ ሻጩን የምትጠይቁት ዋና ጥያቄ ዋጋው አይደለም። «ጎማው ለብቻው ይገኛል ወይ?» ነው። የክዳኑ ጎማ ከጊዜ በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እንፋሎት ያስወጣል፣ የዚያን ጊዜ መለወጫ ከሌለው ውድ ድስታችሁ ተራ ድስት ሆነ ማለት ነው። ሱቁ «ችግር የለም፣ ይመጣል» ካለ አትመኑት። እዚያው አሳዩኝ በሉት፣ ካለው ትርፍ ጎማ አብራችሁ ግዙ። ለትንሽ ቤተሰብ ባለ 5 ሊትር ይበቃል። እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ከሆነ ባለ 7 ወይም ባለ 9 ይሻላል፣ ምክንያቱም ግማሹን ብቻ ነው የምትሞሉት።

ቀጥሎ ምጣድ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የኤሌክትሪኩን ይመርጣል፣ ጭስ ስለሌለው አልፈርድም። ግን ከመግዛታችሁ በፊት የቤቱን መስመር እዩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ድረስ ይበላል። 3,800 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ከ17 አምፒር በላይ ይስባል ማለት ነው። ይህን በቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው። ምጣድ የራሱ መስመር፣ ባለ 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ እና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል፣ ሥራውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው እንጂ የጎረቤት ልጅ አይደለም። ኪራይ ቤት ከሆናችሁ ደግሞ ምጣዱን ተሸክማችሁ ከመግባታችሁ በፊት አከራያችሁን አናግሩ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ስንቱ ጎረቤት በዚህ ተኳርፏል።

ሌላ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ። ማታ ሁሉም ሲጋግር፣ ሁሉም ሲያበስል፣ ኃይሉ ይወርዳል። ቮልቱ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሊጡን ስታፈሱት ምጣዱ ላይ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ዐይን አያወጣም፣ ጠርዙ ይደርቅና መሐሉ ሊጥ ሊጥ ይላል። ሰው ሊጡን ይረግማል፣ ጤፉን ይረግማል፣ የሸጠችለትን ሴትዮ ይረግማል። ሊጡ ደህና ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ያንኑ ሊጥ ጋግሩት፣ ዐይን በዐይን ይሆናል።

ስለ ሊጥ ካነሣን፣ ቅዝቃዜው ቡኮውንም ያስቸግራል። ቆላ በሁለት ቀን የሚደርሰው እኛ ጋ በውርጭ ሰሞን ይጎተታል። ስለዚህ የቡኮ ዕቃ ስትመርጡ ክዳኑ ግጥም የሚል፣ ለመጠቅለል የሚመች ይሁን። ብዙ ቤት በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቀለላል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አርጅቶም ሥራ አይፈታም።

በእንጨት ወይም በኩበት ለምትጋግሩ፣ ምርጥ ምድጃ የሚባለውን ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራውን አስቡበት። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ እሳቱም ተከልሎ ስለሚነድ ቀሚስና ሕፃን አይልስም። መንዝ ላይ ዛፉ ሳስቶ ኩበት የሚነደድበት ቤት ደግሞ ኩበቱ መሬቱን የሚያዳብር ማዳበሪያ ነበርና፣ የተረፈው ሁሉ ለእርሻው ይሆናል።

የሸክላ ምጣድ ገበያ ላይ ስትገዙ አንሱትና በታጠፈ ጣታችሁ ኳ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የደነዘዘ ድምፅ ከሆነ የሆነ ቦታ የተደበቀ ስንጥቅ አለው፣ መልሱት። ሻጯ ትቆጣ ይሆናል፣ ትቆጣ። ቀጥሎ በዐይናችሁ ትክክል አድርጋችሁ ፊቱን በአንድ ዐይን አሻግራችሁ ተመልከቱ። ሰርጎድ ያለ ቦታ ካለ ሊጡ እየሄደ እዚያ ይጠራቀማል። ቤት ስታደርሱት በደቀቀ ጎመን ዘር እየደጋገማችሁ፣ እያጋላችሁ፣ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ አሟሹት። ይህን ሥራ የዘለለ ሰው እንጀራውን በቢላዋ ሲፍቅ ይኖራል።

ድስት ላይ አጭር ነኝ። ክብደት ግዙ። ቂጡ ስስ የሆነ ድስት ለፓስታ ውኃ ማፍያ እንጂ ለወጥ አይሆንም፣ ቁሌቱ ያለ ዘይት ሽንኩርቱን ቀስ ብሎ ማብሰል ስለሆነ ስሱ ላይ ጠርዙ ጥሬ ሆኖ መሐሉ ያርራል። አንድ ወፍራም ትልቅ ድስት፣ አንድ መካከለኛ፣ ለሽሮ አንድ ሸክላ ድስት። ሸክላው ከእሳት ወርዶም ማዕድ ላይ እየተንተከተከ ይቆያል፣ በዚህ ብርድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከየትም ተለቃቅሞ ቀልጦ ከተሠራ ብረት የሚወጣውን ርካሽ ድስት ግን ለቲማቲምና ለሚኮመጥጥ ነገር አትጠቀሙበት። ውስጡ ምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም፣ እርሳስም ሊኖርበት ይችላል፣ ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ ያንን ያወጣዋል።

ምግብ የማይጣበቅበት ባለ ሽፋን መጥበሻ ለዕንቁላል ጥሩ ነው፣ ለዕንቁላል ብቻ። ቡና ወይም ቆሎ የሚቆላበት ቤት አይቻለሁ፣ ኧረ ተዉ! ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፣ ባዶውን እሳት ላይ የተረሳ መጥበሻ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። ለገብስ ቆሎ፣ ለቡና፣ ለበርበሬ የብረት ምጣድ ግዙ። ልጆቻችሁ ይወርሱታል።

ገንፎ የሚወድ ቤት (እዚህ የማይወድ ካለ እንተዋወቅ) ከወይራ የተጠረበ ረጅም ማማሰያ ይፈልጋል። የሱቁ ቀጭን ማንኪያ ዱቄቱ ጠጠር ማለት ሲጀምር ቀጭ ይላል። ድስቱም ሁለት ጠንካራ ጆሮ ይኑረው፣ ሲያማስሉት አብሮ ስለሚዞር አንድ ሰው በጨርቅ ግጥም አድርጎ መያዝ አለበት። ጆሮው በሁለት ትናንሽ ብሎን ብቻ የተያዘ ከሆነ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ቢላዋ አንድ ይበቃል። በሚያምር የእንጨት ማስቀመጫ ተሰክቶ የሚሸጠው ስድስት ቢላዋ፣ አምስቱ አይቆርጡም፣ ስድስተኛው ለዳቦ ነው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የዘለቀ፣ ከእጃችሁ ጋር የሚስማማ አንድ ቢላዋ ከነሞረዱ ግዙ። የደነዘዘ ቢላዋ ነው እጅ የሚቆርጠው፣ ሽንኩርቱ ላይ ስለሚንሸራተት። መክተፊያው እንጨት ይሁን፣ ለጥሬ ሥጋ ለብቻው ሌላ ይኑር።

የኤሌክትሪክ መፍጫ? ወፍጮ ቤት ላለበት አገር አያስቸኩልም። በርበሬውም ሽሮውም ተፈጭቶ ነው የሚመጣው። ሽንኩርት ከፈጨችሁበት ደግሞ ውኃ ይሆንና ቁሌቱ ይበላሻል፣ ይህን ከሚክዱኝ ሰዎች ጋር መከራከር አልሰለቸኝም። ለነጭ ሽንኩርትና ለዝንጅብል ሙቀጫ ከበቂ በላይ ነው።

ጀበና ስትገዙ ውኃ ሙሉበትና ጥቂት አቁሙት፣ ቂጡ ካላበ ተዉት። ዳቦ መጥበሻ፣ ሳንዱች መጫኛ፣ ጭማቂ መጭመቂያ ሲተርፍ ይገዛል፣ ለቡፌው ማስጌጫ። ባለ ቧንቧ ጄሪካን ግን አትርሱ፣ ውኃ በሄደች ቀን ከዚህ ሁሉ ዕቃ በላይ እሱ ነው የሚፈለገው።

የት ይገዛ ለምትሉ፣ ሸክላውን፣ ማማሰያውንና ሰፌዱን ከዚሁ ከገበያ ቀን ግዙ፣ ከአዲስ አበባ አታስጭኑ። 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ሸክላ ምጣድ በሚኒባስ ጣሪያ ማስጫን ከዕቁብ ዕጣ የባሰ ነው። ፕሬዠር ድስቱንና ወፍራሙን ድስት ግን መርካቶ የሚሄድ ሰው ካላችሁ ላኩት፣ ምርጫው እዚያ ይሰፋል። ሲልኩት ጎማውንም ይይዝ ዘንድ ወረቀት ላይ ጻፉለት።