ያልረጋው 40 ሊትር ወተት

ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የአባቴ መሬት ላይ አምስት ላሞች አሉኝ። ሦስቱ ይታለባሉ። ባለፈው ዓመት ህዳር ላይ የድርቆሽ አጨዳውን ከቅበላው ሰሞን ጋር አገናኝቼ ድግስ ደገስኩ። ከከተማውም ከአዲስ አበባም 60 ሰው መጣ። ሰዉ ሣር አጨደ፣ ላም ሲታለብ አየ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተደስቶ ሄደ። እኔ ግን ያንን ሳምንት ሳስበው አሁንም ሆዴን ይበላኛል። እንዲህ ያለ ነገር ለማዘጋጀት የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔን ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀኑ። በአገራችን በወተት የሚደግስ ሰው ከሁሉ በፊት ጾሙን ያያል። የነቢያት ጾም ህዳር 15 ይገባል፣ እስከ ገና ይዘልቃል። ጾሙ ከገባ ወተት ፈላጊው ይቀንሳል። ካፌዎች ከወትሮው ግማሹን እንኳ አይወስዱልኝም። የተረፈውን እየናጥን ቅቤ እናደርገዋለን። እኔ ከጾሙ በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን እሁድ መረጥኩ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣል፣ ቅበላም ነው፣ እርጎና ቅቤ ያምረዋል። ይህን ምርጫዬን ዛሬም አልለውጠውም።

ፈቃዱ አሰልቺ ነበር። ለአንዲት ደብዳቤ አራት ቀን ተመላለስኩ። አንዱ ቢሮ «ይሄ የግብርና ነው» ይለኛል፣ ሌላው «የቱሪዝም ነው» ብሎ ይመልሰኛል። ደብዳቤው እጄ የገባው ድግሱ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እናንተ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ።

ስለ ድርቆሹ አንድ ነገር ልበል። ባለሙያዎች ሣሩ ማበብ ሲጀምር እጨዱ ይላሉ። ምግብነቱ ያኔ ስለሚበልጥ ነው፤ እውነታቸውን ነው። ግን እኛ ዘንድ ሣሩ ሲያብብ ሰማዩ ገና አልጠራም። አንድ ዓመት ምክራቸውን ሰምቼ በጊዜ አጨድኩ። ዝናብ መጣበት፣ ሳይደርቅ ተከመረ። ክምሩ መሃል እጄን ባስገባ እንደ ምድጃ ይሞቃል። ግማሹ ሻግቶ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ እስኪጠራና ውርጩ እስኪጀምር እጠብቃለሁ። ትንሽ ጥንካሬ ያለው ደረቅ ሣር ከሻገተ ለምለም ሣር ይሻላል።

ለእንግዶቹ ማጭድ አከፋፈልን። ጎረቤቶቻችን በደቦ መጡ። የከተማ ሰው ወገቡን ይዞ ቢቆምም አልተወም። ለምሳ የገብስ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ፣ አይብ በጎመን፣ የገብስ ቆሎ፣ ጠላ አዘጋጀን። ዋናው ግን እርጎው ነበር። 40 ሊትር ወተት በአራት ገንቦ አርግቼ፣ ግማሹን ለመብላት፣ ግማሹን እንግዶቹ ራሳቸው በቅል እንዲንጡት አስቤ ነበር። በሩ ላይ ያንጠለጠልኩት ጨርቅም «ንጹህ ኦርጋኒክ ወተት» ይላል።

ስለዚህ ቃል ልናገር። ስለ ኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488/1998 አለ። እኔ የምስክር ወረቀት የለኝም። ግን ግጦሹ ላይ ማዳበሪያ አልረጭም፣ ፍግ ብቻ ነው። ከየት እንደመጣ የማላውቀውን ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን የከብት መኖ፣ አልገዛም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ የተገኘው አፍላቶክሲን፣ ማለትም የሻጋታ መርዝ፣ በዋናነት ከኑግ ፋጉሎ ጋር እንደሚያያዝ ካነበብኩ ወዲህ በጣም እጠነቀቃለሁ። ስለዚህ ቃሉን ሳንጠለጥለው አፌን ሞልቼ ነበር።

አሁን ወደ ሳምንቱ ልምጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ቦራን ላልባት ስቀመጥ በእግሯ ገፋችኝ። ቦራ ተራግጣ አታውቅም። ግቷን ስነካው በግራ በኩል የኋለኛው ጠንክሯል፣ ይሞቃል። ከዚያ ጡት የወጣው ወተት የጓጎለ ነገር አለበት። ላም ያረባ ሰው ይህን ያውቀዋል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውዬ አስጠራሁ። ሰውየው ቶሎ መጣ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። አያት፣ ታፋዋ ላይ ፔኒሲሊን ያለበት መድኃኒት ወጋት። ረቡዕና ሐሙስም ተመልሶ ይወጋታል።

መሣሪያውን ወደ ቦርሳው ሲከት ጠየቅኩት። «ዶክተር፣ ወተቱን ምን ላድርገው?»

«ከታመመው ጡት ያለውን ድፊው» አለኝ። «የሌላውን ችግር የለም፣ አፍልታችሁ ተጠቀሙ።»

ይህች ናት እሳት ያመጣችብኝ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ ይጻፋል። ጠርሙሱን ስጠኝና ላንብበው አላልኩም። ኪሱ ከቶት ሄደ። ሰውየው ላይ እናደዳለሁ፣ በራሴ ላይ ግን የበለጠ። ለስልሳ ሰው ወተት የማበላው እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።

የታመመውን ጡት ለብቻ አልቤ እየደፋሁ፣ የሦስቱን ከሌሎቹ ላሞች ወተት ጋር ቀላቀልኩ። ማክሰኞ ማታና ረቡዕ የታለበውን ለሁለት ካፌ አስረከብኩ። የሐሙስን፣ የጠዋቱንም የማታውንም፣ ለድግሱ አስቀረሁ።

ሐሙስ ማታ ወተቱን አፈላሁ። እናቴ እርጎ ከጥሬ ወተት ነው የምታረጋው፣ የአካባቢው ሰውም እንደዚሁ። እኔ ግን ብሩሴሎሲስ የሚባለው የከብት በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት እንደሚተላለፉ ስለማውቅ፣ እንግዳ ሲሆን ሳላፈላ አልሰጥም። «ከላሟ ትኩስ ትኩሱን» እያሉ የሚለምኑኝ አሉ። እምቢ ነው የምላቸው። አፍልቼ፣ ለብ ሲል፣ ገንቦዎቹን በወይራ አጥኜ፣ ከቀድሞው እርጎ ያስቀረሁትን እርሾ ጨምሬ ከደንኩት። በህዳር ብርድ እስከ ቅዳሜ ይረጋል ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ ማታ የመጀመሪያውን ገንቦ ከፈትኩ። ዘንበል ሳደርገው ወተቱ እንደ ውሃ ተንቦጫረቀ። ገና ነው አልኩ። በረንዳ ላይ ያለው ውሃ በረዶ የሚሠራበት ሰሞን ነው። ገንቦዎቹን ወደ ምድጃው አስጠጋሁ፣ ጋቢ ጠቀለልኩባቸው፣ ኩበቱ እንዳይጠፋ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሳሁ።

ቅዳሜ ጠዋትም ያው ነው። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። የወይራው ጭስ አለ፣ ኮምጠጥ የሚል ነገር ግን የለም። ማፍላቴ ነው ያበላሸው አልኩ። እናቴን አለመስማቴ ነው አልኩ። ከጎረቤት ሌላ እርሾ ለምኜ ጨመርኩ። ባለቤቴ ገንቦዎቹ በደንብ አልታጠኑም አለ፤ ተጨቃጨቅን። እርሱ ወደ ሣሩ ሄደ፣ እኔ ከገንቦዎቹ ጋር ቀረሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ለእርሾ የለመንኳት ጎረቤታችን መጣች። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላት። ገንቦውን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ምንም ሳትል ዙሪያውን ማየት ጀመረች። መደርደሪያው ላይ ልጄ ሐሙስ ማታ ከሌላዋ ላሜ ከዳልቻ ብቻ አልባ ያስቀመጠቻት ትንሽ ማሰሮ ነበረች። እማማ አወረደቻት፣ ክዳኗን አነሳች። ረግቷል። ማንኪያ ስትሰካበት ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይቺም ፈልታለች?»

«አዎ እማማ፣ አብራ ነው የፈላችው።»

«እርሾውስ?»

«ያው ነው።»

ትንሽ ዝም አለችና «ላም አስወግተሻል እንዴ?» አለችኝ።

ጉልበቴ ከዳኝ። መልስ እስክሰጣት አልጠበቀችም። «ልጄ፣ ይሄ ወተት መድኃኒት ቀምሷል። የእኛም ላም የተወጋች ጊዜ አልረጋም ብሎ አስለቅሶኛል» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በኋላ አንብቤ ተረዳሁት። ታፋ ላይ የተወጋ መድኃኒት በደም ይዞራል። ከታመመው ጡት ብቻ አይወጣም፣ ከአራቱም ነው የሚወጣው። እርጎን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ፔኒሲሊን ደግሞ ባክቴሪያ ሊገድል የተሠራ ነው። ስለዚህ እርሾው ገንቦው ውስጥ ሞተ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን አያጠፋውም። «አፍልታችሁ ተጠቀሙ» የተባልኩት ከመሠረቱ ስህተት ነበር።

አርባውን ሊትር ጉድጓድ አስቆፍሬ ደፋሁት። ለጥጆቹ ስጪያቸው ያሉኝ ነበሩ። እንቢ አልኩ፣ ለእነሱም አይበጅም። ወተቱ አፈሩ ውስጥ ሲሰርግ ቆሜ አየሁ። ከአርባው ሊትር ይልቅ ግን ያንገበገበኝ ለካፌዎቹ የሰጠሁት ነው። ያ ተጠጥቶ አልቋል። ልመልሰው አልችልም።

ማታ ጨርቁን ከበሩ ላይ አወረድኩት።

እሁድ እንግዶቹ ሲሰበሰቡ፣ ምሳ ከመቅረቡ በፊት፣ እርጎ የሌለው ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ባለቤቴ «ብርዱ አላረጋልን አለ በያቸው» ብሎኝ ነበር። አልሆነልኝም። ገንፎው ላይ ያለው ቅቤና አይቡ ቦራ ከመታመሟ በፊት የተዘጋጁ መሆናቸውንም ነገርኩ። አብዛኛው ሰው «አይዞሽ» አለኝ። አንዲት እናት ግን ብቻዬን ስሆን ጠብቃ መጣች። ልጇን እጁን ይዛዋለች፣ አምስት ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። «እሱ ፔኒሲሊን አይስማማውም» አለችኝ። «አንዴ ተወግቶ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል አድረናል። እርጎ ደግሞ ነፍሱ ነው።» ሌላ ምንም አላለችኝም። ልጁ ቆሎውን በኪሱ ሞልቶ ወደ ሣሩ ክምር ሮጠ።

እማማ ከቤቷ ሦስት ሊትር የሚሆን እርጎ በቅል ይዛ መጣች። ልጆቹ ተራ በተራ ናጡት። ቅቤው ሲወጣ የተጮኸው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ሰኞ ሁለቱም ካፌዎች ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። አንደኛዋ ባለቤት አመስግና ቀጠለች። ሌላኛው ወተት መቀበሉን ተወ። አልፈርድበትም።

አሁን የምመክራችሁ ይህን ነው። የታመመች ላም ትታከም። ኦርጋኒክ ነኝ ብላችሁ መርፌ አትከልክሏት፣ ኦርጋኒክ ማለት ላም ማሠቃየት አይደለም። ግን ወተቷ ይደፋ፣ ከአራቱም ጡት። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በኦርጋኒክ መመሪያው ላይ፣ ወተቱ የሚጣልበት ጊዜ በሕግ ከተቀመጠው እጥፍ እንዲሆን፣ ከ48 ሰዓትም እንዳያንስ ይላል። ባለሙያ «ችግር የለም» ቢላችሁ እንኳ ጠርሙሱን ተቀብላችሁ በዓይናችሁ አንብቡ። ካልሰጣችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የተወጋችበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ፤ ሰው ይረሳል።

እኔ ዘንድ የተወጋች ላም አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርላታል። የሚያልባት ማንም ይሁን፣ ልጄም ብትሆን፣ ቀይ ካየች ለብቻ ታልባለች። ከድግስ በፊት ደግሞ የእያንዳንዷን ላም ወተት ለየብቻ በብርጭቆ አፍልቼ፣ አንድ ማንኪያ እርሾ ጨምሬ መደርደሪያው ላይ አኖራለሁ። ብርጭቆው ረጋ ማለት ወተቱ ፍጹም ንጹህ ነው ማለት አይደለም፣ ትንሽ መድኃኒት ሊያመልጠው ይችላል። ያልረጋ ወተት ግን ገንቦዬ ውስጥ አይገባም።

ዘንድሮም ድግሱ ከጾሙ በፊት ባለችው እሁድ ነው። ብርጭቆዎቹን ማክሰኞ ማታ እደረድራለሁ። የአምናዋን እናት ደውዬ ጋብዣታለሁ፣ ልጇን ይዛ እመጣለሁ ብላለች። ለእሱ የሚሆነውን እርጎ ከዳልቻ ብቻ አረጋለታለሁ።