ቀንደ ረጅም ሰንጋዎችን በጠባብ በረት ማድለብ፦ የሦስተኛው ዙር ማስታወሻዬ

ለፋሲካ ያወጣኋቸው አራት ሰንጋዎች ከተሸጡ ሳምንት አለፈ። ከአራቱ አንዱም ሳይከሳ፣ አንዱም በጓደኛው ቀንድ ሳይወጋ ከበረቴ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያዬ በመሆኑ፣ እንደ እኔ በጓሮው ለሚያደልብ ሰው ይጠቅም እንደሆነ በማለት ያየሁትን፣ ያጠፋሁትንም ጭምር፣ ላካፍል ወደድሁ።

የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከብቶቹን የምገዛው ከወረታና ከአዲስ ዘመን ገበያ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የፎገራ ደም ያለባቸው ዲቃሎች ናቸው። ፎገራ ራሱ በባለሙያዎች ዘንድ የሳንጋ (የቀንደ ረጅሙ የአፍሪካ ከብት ዘር) እና የዜቡ (የባለ ትልቅ ሻኛው ዘር) ጥንታዊ ቅልቅል ሆኖ ይመደባል፤ እኔ ግን ነጋዴዎቹ «የራያ ደም አለበት» የሚሉትን ቀንደ ረጅሙን እመርጣለሁ። ለበዓል የሚገዛ ሰው፣ በተለይም ለቅርጫ የተሰባሰበ ጎረቤት፣ አስቀድሞ የሚያየው ቀንዱን፣ ሻኛውንና አቋቋሙን ስለሆነ ነው።

አገዛዙንና መኖውን በአጭሩ ልለፈው። የምገዛው እርሻና ውቂያ አልቆ ጭድ በሚረክስበት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሥጋ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ፣ ከብቱ ለፋሲካ ዋዜማ ካልደረሰ በየቀኑ ትርፉን እየበላ ይቆያል። በመጀመሪያው ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ጠርቼ የጉበት ትል መድኃኒት አሰጣለሁ፤ ትሉን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በውሃማ መስክ ስለሚራባ፣ ከፎገራ ሜዳ የመጣ ከብት ከትሉ ነጻ ነው ብዬ አላስብም። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ በጥብጬ እረጭና 21 ቀን አፍኜ፣ ሽታው እስኪወጣ ካናፈስሁ በኋላ አበላለሁ። ፉርሽካውንና የኑግ ፋጉሎውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እጨምራለሁ። በአንድ ጊዜ የጨመርሁ ዕለት የአንዱ ሆድ ተነፍቶ ሌሊቱን ሙሉ አብሬው ቆሜ አድሬያለሁ።

ሁለት ዙር ያስለቀሰኝ ግን መኖው ሳይሆን ቀንዱ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሦስት ሰንጋዎችን ሁለት ሜትር በሚሆን አንድ ግርግም ላይ አስሬ ነበር። ትልቁ ራሱን ወደ ጎን ሲያወዛውዝ ሁለቱ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ እሱ የራሱን ፉርሽካ ጨርሶ የእነሱን ይጀምራል። እኔም መኖው ማለቁን እያየሁ ሁሉም ጠግበዋል ብዬ እተኛለሁ። እውነቱን የነገረኝ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ጠዋት ሳይበሉ ከፊት እግራቸው ጀርባ የደረታቸውን ዙሪያ፣ ከትከሻ እስከ መቀመጫም ርዝመታቸውን በሴንቲ ሜትር እለካለሁ፤ ዙሪያውን በራሱ አባዝቼ፣ በርዝመቱም አባዝቼ ለ10,840 ሳካፍለው ግምታዊ ክብደቱን በኪሎ ይሰጠኛል። በ90 ቀን ውስጥ የትልቁ ደረት ከ154 ወደ 169 ሲደርስ፣ የታናሹ ከ152 ወደ 158 ብቻ አደገ። አንዱ 59 ኪሎ ያህል ሲጨምር ሌላው የጨመረው 22 ኪሎ ነበር። «ዓይኔ ሚዛኔ ነው» የሚል ደላላን ከዚያ ወዲህ መስማት አልወድም።

በሁለተኛው ዙር የፈጸምሁትን ስጽፈው አፍራለሁ። የአንድ ሰው ምክር ሰምቼ የኃይለኛውን ቀንድ በመጋዝ ቆረጥሁ። የደረሰ ከብት ቀንድ ውስጡ ሕያው አጥንት ነው፤ ክፍተቱም ከግንባሩ አጥንት ክፍተት ጋር ይገናኛል። ደሙ አልቆም አለ፤ በኋላም ዝንብ ዐረፈበትና ቁስሉ ተላ፤ ሐኪሙ አጥቦ እስኪያድነው ድረስ ሦስት ሳምንት መኖ በወጉ አልቀመሰም። ገበያ ሳወጣው ደግሞ ያየው ሁሉ «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» እያለ ዋጋውን ሰበረብኝ። ቀንድ መጥፋት ካለበት የሚጠፋው ጥጃው ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጉጡ ከራስ ቅሉ ጋር ሳይያያዝ፣ በሐኪም እጅና በማደንዘዣ ነው። የደረሰ ሰንጋን በመጋዝ መቁረጥ ጭካኔም ኪሳራም ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልስማማም።

በሦስተኛው ዙር የለወጥሁት ግርግሙን ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከሃያ ደርሶት አራቱ በ4.8 ሜትር ላይ ቆሙ። በመካከላቸው መጀመሪያ አጠና ከፍ አድርጌ አጋድሜ ነበር፤ ነገር ግን የአንዱ ቀንድ ሌሊት በአጠናዎቹ መካከል ተሰክቶ አንገቱን ሊሰብር ሲል ደረስሁ። አሁን መለያው ከትከሻቸው ዝቅ ያለ ሳንቃ ስለሆነ ቀንዳቸው ከላይ ያልፋል። ገመዱንም ዝቅ ካለ ቀለበት ላይ፣ ለመተኛት እንዲበቃ፣ ጎረቤቱ መኖ ላይ ግን እንዳይደርስ አድርጌ አስራለሁ። ፋጉሎ የማቀርበው ከኃይለኛው ጀምሬ ነው፤ አፉ ሥራ ከያዘ ቀንዱ ያርፋል። በዚህ ዙር ከሁሉ ያነሰው ደረቱ ከ153 ወደ 166 ደረሰ፤ ሃምሳ ኪሎ ገደማ ጨመረ ማለት ነው።

ትርፉን ለሚጠይቀኝ፣ የመጀመሪያውን ዙር የመኖ ወጪ ስላልመዘገብሁ ማትረፌን ማረጋገጥ አልችልም፤ በሁለተኛው ቀንዱ የተቆረጠው የሌሎቹን ትርፍ በልቶታል። በደብተር የተደገፈ ትርፍ ያየሁት በዚህኛው ብቻ ነው።

ከመስቀል በኋላ ለገና ስድስት ለመግዛት አስቤያለሁ፤ በረቱ ግን የሚችለው አራት ነው። ባለቤቴ «ሁለቱን ቀንደ አጭር ግዛና ይበቃሃል» ትላለች። እኔ ግድግዳውን ወደ ጓሮ ለመግፋት አጠናውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ለእሷ ገና አልነገርኋትም።