ኤክስቴንደሩ የት ይሰካ?

ደብረ ብርሃን ያለው የአጎቴ ቤት የድንጋይ ነው። የድሮ ሥራ፣ ግድግዳው አንድ ክንድ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለሚነፍሰው ብርድ እንዲህ ያለ ቤት ነው የሚያዋጣው። ዋይፋይ ግን አያሳልፍም። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ እሳቸው የሚውሉት ደግሞ ጓሮ ካለችው ሰርቪስ። ስልካቸው ላይ አንዲት መስመር ብቅ ትላለች፣ ደግሞ ትጠፋለች።

ለፋሲካ ስሄድ ኤክስቴንደር፣ ማለትም የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብሎ ወደ ራቀ ቦታ የሚያደርስ ዕቃ፣ ይዤላቸው ሄድኩ። ገና ከካርቶኑ ሳወጣው ከመደቡ በላይ ያለውን ሶኬት አሳዩኝ።

"በል እዚህ አጠገቤ ሰካው።"

"ጋሼ፣ እዚህ ከተሰካ አይሠራም።"

"እንዴት ሆኖ? ኔትወርክ የሌለው እኮ እዚህ ነው!"

ብዙ ሰው እንደሳቸው ነው የሚያስበው። ኤክስቴንደር ግን ከራውተሩ የሰማውን ነው የሚደግመው። እንደ አዝማሪ በሉት፤ "ተቀበል" ብላችሁ የሰጣችሁትን ግጥም በደንብ ካልሰማ የሚያዜመው ሌላ ነው። ደግሞ እየሰማ አያዜምም፣ ተራ በተራ ነው። ርካሾቹ ኤክስቴንደሮች ፍጥነቱን ወደ ግማሽ የሚያወርዱት ለዚህ ነው፤ መቀበያውም ማቀበያውም አንድ ሬዲዮ ነው።

ራውተሩ ገና በደንብ የሚሰማበትን ቦታ ፍለጋ ስልኬን እያየሁ ከሳሎን ወደ ጓሮ ሄድኩ። ማድ ቤቱ በር ላይ ገና ጥሩ ይስባል። እዚያ ያለችውን ሶኬት ሳያት አክስቴ ቀደሙኝ።

"ምጣዴን የት ልሰካ ነው?"

እውነታቸውን ነው። ማከፋፈያ እንዳላደርግ ደግሞ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ማከፋፈያ ያቃጥላል። ኮሪደሩ ውስጥ፣ ወደ ሰርቪሷ የሚያሳይ መስኮት አጠገብ ሌላ ሶኬት ተገኘ። ይሄ እንዲያውም ተሻለ፤ መስታወት ከድንጋይ ይልቅ ሲግናል ያሳልፋል።

ማገናኘቱ ቀላል ነው። የራውተሩን ደብልዩ ፒ ኤስ ቁልፍ (ያለ ፓስዎርድ የሚያገናኘውን) ተጫንኩ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የኤክስቴንደሩን፣ አለቀ። ከሁለቱ የዋይፋይ ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው የተውኩት። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል።

አሁን ጋሼ ከልጃቸው ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ አይቆራረጥባቸውም። ትልቅ ፋይል ማውረድ ግን ያው ይጎትታል። ለሱ የሚያዋጣው እስከ ሰርቪሷ ኬብል ስቦ ጫፉ ላይ ሌላ ራውተር መትከል ነው። ክረምት ሳይገባ አደርገዋለሁ። አክስቴ ገመዱ በማድ ቤት በኩል እንዳያልፍ ከወዲሁ አስጠንቅቀውኛል።