ጎንደር ላይ የሚጨፈረው መንገዱ ላይ ነው

ለጥምቀት ጎንደር የሚሄድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ያለው አጼ ፋሲል መዋኛ ላይ ነው። ጥር 11 ንጋት ላይ ውሃው ሲባረክ ማየት የሚቀር ነገር አይደለም። ልጅና አያት ይዞ ለመጣና መጨፈር ለሚፈልግ ሰው ግን ቦታው እሱ አይደለም። ጭፈራው ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው በሚወርዱበትና በሚመለሱበት መንገድ ላይ ነው። እኛ ልጆቻችንንና እናቶቻችንን ይዘን ስንሄድ ሦስቱንም ቀን የምናቅደው መንገዱን ይዘን ነው።

ጥር 10 ከተራ ነው፤ ገሃድ ስለሆነ ይጾማል። ምግብ ቤቶቹም ሽሮና በያይነቱ እንጂ ሥጋ አያወጡም። ልጆቹን ከቀትር በፊት ማብላት ይሻላል፤ ታቦት መውጣት ከጀመረ በኋላ አስፋልቱ በሰው ይሞላና አንዱን ጎን ይዛችሁ ከቆማችሁ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም። ቆሎ፣ ዳቦና ውሃ በትከሻ በሚንጠለጠል ቦርሳ ያዙ፣ እጃችሁ ለጭብጨባ ይፈለጋል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የጥር ፀሐይ ቀን አናት ይበሳል፣ ማታ ደግሞ ጋቢ ያስፈልጋል። ጫማ ድፍን ይሁን፤ በነጠላ ጫማ የገባ ልጅ ጣቱን ይረገጣል። መሬት የሚጠርግ ቀሚስም ከኋላ በሚመጣው ሰው ስለሚረገጥ በመቀነት ከፍ አድርጎ ማሰር ነው።

ልጆቹ አስቀድመው ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። ከታቦቱ ፊት ወጣቶች ምንጣፍ እያነጠፉ ይሄዳሉ፤ የታለፈበትን ጠቅልለው፣ በትከሻ ተሸክመው፣ ሮጠው ፊት ላይ እንደገና ይዘረጉታል። እነሱን ማደናቀፍ ነውር ነው፤ በሩጫቸው መሀል የቆመ ሕፃንም ይወድቃል። ካህናቱ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚያቀርቡት ወረብ የራሱ ሥርዓት ያለው ምስጋና ስለሆነ እዚያ መሀል እስክስታ አይመታም። ታቦቱ ሲደርስ መንገድ ለቆ፣ ጭብጨባውን ትቶ መቆም ነው። ዘፈኑና ጭፈራው ከዚያ ራቅ ብሎ፣ በየጓዱ ነው።

እያንዳንዱ ጓድ አንድ ከበሮ መቺና አንድ አውጪ አለው፣ ሌላው ሁሉ ተቀባይ ነው። እንግዳ ዘሎ መሀል አይገባም። መጀመሪያ ከክቡ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል፣ ቀጥሎ አዝማቹን ይቀበላል፣ ከዚያ ዐይን ለዐይን የገጠመው ሰው በአንገቱ ሲጠራው ይገባል። ብዙ ሰው ጭብጨባው ላይ ይስታል። ስድስት እየቆጠራችሁ በአንድና በአራት ላይ አጨብጭቡ፤ በስድስቱም ላይ ያጨበጨበ ሰው ትንሽ ቆይቶ ይቀድማል፣ ከበሮ መቺውንም ያውካል። ልጆቻችንን ሆቴል ሳለን ጉልበታቸውን እያስመታን ነው ይህን የምናለማምዳቸው።

እስክስታውን ለማስተማር ሁለት እጅ ወገብ ላይ፣ እግር በትከሻ ስፋት ልክ፣ ጉልበት በትንሹ ላላ። መጀመሪያ ሁለቱን ትከሻ አንድ ላይ ወደ ላይ ስቦ መጣል፤ ስበቱ በዝግታ፣ መጣሉ በድንገት ነው። ቀጥሎ አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ማፈራረቅ። ደረት የሚጨመረው ትከሻው ከከበሮው ጋር ከተስማማ በኋላ ነው፤ አንገት መጨረሻ ይመጣል። የጎንደር እስክስታ ውበቱ አንገቱ ላይ ስለሆነ ልጆች ከእሱ መጀመር ይፈልጋሉ፤ ያኔ ጭንቅላታቸውን ይወዘውዛሉ እንጂ አንገታቸው አይሰበቅም። አገጭ ብቻ ወደ ፊት ወጥቶ እንዲመለስ ንገሯቸው። ሌላው ስሕተት ትንፋሽ መያዝ ነው። ጨፋሪዎቹ በጥርሳቸው መሀል «እስስ፣ እስስ» የሚሉት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሹ ከትከሻው ጋር አብሮ ሲወጣ ጡንቻው አይደርቅም። ትንፋሹን የያዘ ሰው አንድ ዘፈን ሳያልቅ አንገቱ ይደነድናል። አንገታቸውን የሚያማቸው አዛውንት በትከሻ ብቻ ቢጨፍሩ ምንም አይጎድልባቸውም፤ እንዲያውም የእርጅና እስክስታ እርጋታው ነው የሚያምረው።

ከዙሪያው ገጠር የሚመጡት ጎረምሶች ዱላ ይዘው እየዘለሉ ነው የሚጨፍሩት። ለማየት ልብ ያሞቃል፤ ነገር ግን ሕፃን ትከሻ ላይ የተሸከመ ሰው ቢያንስ ሁለት ዱላ ያህል ይራቅ፤ ዱላው ከፍ የሚለው በትክክል የልጁ ፊት ባለበት ቁመት ነው።

ማታ፣ ሳይመሽ፣ አዝማሪ ቤት ከአያቶች ጋር ደስ ይላል። ጎንደር የአዝማሪ አገር ነው፣ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ቡርባክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ። የማሲንቆው ጭራ አንድ ብቻ ነው፤ አዝማሪው ደጋኑን ዕጣን ሲያሻሽ ካያችሁ ሊጀምር ነውና ዝርዝር ብር አዘጋጁ። ስም ጠይቆ ያሞግሳል፣ ይነካካልም፤ መልሱ ሳቅና ሽልማት እንጂ ቁጣ አይደለም። ግጥም መስጠት የሚፈልግ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይላል። ልጆችም ይችላሉ፦ በስንኙ ግማሽ ስድስት ቀለም (ሲነገር የሚሰማ ክፍለ ቃል)፣ በሌላው ግማሽ ስድስት፣ መጨረሻው ቤት የሚመታ። ለምሳሌ፦

መጣን ከሩቅ አገር ፋሲልን እንድናይ፣
አያቴ ጨፈሩ ከልጆቹ በላይ።

ስንኙን አንዱን ጨርሶ ሌላውን ማለት ነው፤ ሁለቱን ባንዴ ከጣላችሁበት አዝማሪው መቀበል ይቸግረዋል።

ጥር 11 መዋኛው ግቢ ውስጥ ለመግባት በሌሊት መነሳት ይጠይቃል፤ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የሚሞላው ውሃ እንደተባረከ ወጣቶች ስለሚዘሉበት ጠርዙ አካባቢ ግፊያ አለ። ከእንጨት የሚሠራ ጊዜያዊ የተመልካች መደዳ ላይ ልጅ አታውጡ። በ2012 ዓ.ም. በበዓሉ ዕለት እንዲህ ያለ መደዳ ተደርምሶ የሰው ሕይወት አልፏል። ከሕፃን ጋር መሬት ላይ፣ ከመውጫ በር አጠገብ መቆም ነው። ጸበሉ ወደ ሕዝቡ ስለሚረጭ ከኋላ ለቆመም ይደርሳል። ልጆች የሚጠፉት ሰው ሲወጣ ነውና ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ። መገናኛ ቦታ ስትመርጡም ከግቢው ውጭ ይሁን። ኔትወርክ ሊጨናነቅ ስለሚችል በስልክ እንገናኛለን ማለት አያስተማምንም።

ለቤተሰብ ከሁሉም የምንመርጠው ግን ጥር 12ን፣ ቃና ዘገሊላን ነው። ሌሎቹ ታቦታት በዋዜማው ገብተዋል፣ የሚመለሰው ቅዱስ ሚካኤል ነው። ጾሙም ስላበቃ በየደጁ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። ሰው በሁለት ቀን ጭፈራ ድምፁ ጎርንኖ፣ ዕፍረቱ ለቆት ስለሚወጣ እንግዳን ወደ ክቡ የሚጎትት እጅ የሚበዛው በዚህ ቀን ነው። ስለዚህ የመመለሻ ትኬት ለጥር 13 ቁረጡ፤ በዓሉ በሚያልፍባቸው መንገዶች ባጃጅ ስለማያልፍ ጥር 12 ከሰዓት ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ የሚጣደፍ ቤተሰብ ሻንጣውን ተሸክሞ ጭፈራውን እየሰነጠቀ መሄዱ አይቀርም።